ዋሪን ከደጃፉ እስኪደርስ

ጌታ ዋሪን ጎኑ ላይ የተሰካውን ጦር በገዛ እጁ መዝዞ ወረወረና ፈረሱን ኮለኮለ። ከኋላው አምስት አጃቢዎቹ ጭቃው ላይ ተዘርረዋል፤ አንደኛው ገና ይንፈራገጣል። ከደፈጣው የተረፉት እሱ፣ አንድያ ልጁ ሃዊዝና ሽማግሌው ወታደሩ ኦርም ብቻ ናቸው።

«ቁስሉ እንዴት ነው ጌታዬ?» አለ ኦርም እየጋለበ።

«ይገድለኛል። ግን አሁን አይደለም። ንዳ!»

ሃዊዝ የዚያን ቀን ከባሕሩ ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያን የጎረቤት ጌታ ልጅ ከሆነው ከሲሞን ጋር ልትጋባ ነበር። አባቷ ሠርጉን ያጣደፈው ወዶ አይደለም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ወንድ ልጅ የሌለው ባላባት ልጁን ሳይድር ከሞተ፣ ልጅቱና ርስቱ አንድ ላይ ተጠቅልለው ለበላይ ጌታው ይገባሉ፤ እሱም ለፈለገው ይድራታል። የዋሪን የበላይ ጌታ የሚፈልገው የወንድሙን ልጅ ድሮጎን ነው። ድሮጎ ሁለት ሚስቶች ቀብሯል፤ ሁለቱም ከደረጃ ወድቀው ሞቱ ተባለ። መቼስ የዚያ ቤት ደረጃ ሴት እየመረጠ የሚጥል ደረጃ ነው! አባት በሕይወት ቆሞ ከዳራት ግን ቄስ ያሰረውን ማንም አይፈታም። ድሮጎ ያደፈጠውም ዋሪን ከሠርጉ በፊት እንዲሞትለት ነው።

መንገዱን ለቀው ዛፍ ወደሌለበት ረግረጋማ ደጋ ወጡ። ወዲያው በረዶ ከሰሜን መጣና ፊታቸውን ይገርፈው ጀመር። ሰማዩና ምድሩ ተደባለቀ። የኦርም ፈረስ እስከ ሆዱ ሰመጠ፤ ሲያወጡት ይበልጥ ገባ። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባቸው። ጩኸቱ ጠላት እንዳይጠራ ኦርም ግንባሩን ደባብሶ ጉሮሮውን ቆረጠው፤ ከዚያ በእግሩ እየሮጠ ተከተላቸው።

የዋሪን ደም ከኮርቻው ጠብ ጠብ ይላል። ሽታውን ተኩላዎች አገኙት። ከድንጋዮቹ መሐል ሦስት ሆነው ወጡና አንዱ የፈረሱን ቋንጃ ነከሰ። ፈረሱ ሲዘል ዋሪን ወደቀ። ተኩላው ዞሮ የወደቀውን ሰውዬ ክንድ ይዞ ጎተተ። ሃዊዝ ከፈረሷ ዘላ የአደን ጦሯን በጎድኑ ሰካችበት፤ አውሬው ጦሩን እየነከሰ ወደ እሷ ሲንፏቀቅ ደግማ ገፋች። ሁለተኛውን ኦርም በመጥረቢያ ራሱን ፈለጠው። ሦስተኛው ሸሸ።

«ይነሱ አባቴ!» አለች እያለቀሰች። «ይነሱ፣ እለምንዎታለሁ!»

ኮርቻው ላይ አውጥተው በገመድ አሰሩት፤ ጩቤውን ሃዊዝ ታጠቀችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሲሞን እንዴት ያለ ሰው ነው?» አለችው፣ እንዳይተኛባት።

«አላውቀውም። የማውቀው አባቱን ነው።»

«እኔ እኮ አባቱን አይደለም የማገባው!»

ዋሪን ሊስቅ ሲል ደም አስተፋው። «እውነትሽን ነው» አለ። «መጠየቅ ነበረብኝ።» በዕድሜው ሙሉ ለሴት ልጅ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

በቀን ሁለት ጊዜ የሚሸሽና የሚመለሰው ባሕር ሸሽቶ፣ ሰፊው አሸዋ ተገልጦ ሳለ ደረሱ። በዚህ አሸዋ ላይ የሚታለፈው በአቅራቢያው ያለ ገዳም መንገድ መሪዎች የተከሉትን ቅርንጫፍ ተከትሎ ነው፤ ከመስመሩ ወጣ ያለውን አሸዋው ይውጠዋል። ውኃው ደግሞ ሊመለስ ተቃርቧል። ዞር ሲሉ ድሮጎ አሥር ያህል ፈረሰኞች አስከትሎ ከኮረብታው ይወርዳል።

ኦርም ቆመና ያለፏቸውን ቅርንጫፎች እየነቀለ ወደ ግራ፣ ወደ ክፉው አሸዋ አዙሮ ይተክል ጀመር።

«ኦርም፣ ና!» ብላ ጮኸች ሃዊዝ።

«ሂጂ እመቤቴ! ሞት ላይቀር ማንቋረር!»

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው፣ ፈረሰኞቹ ቅርንጫፉን እያዩ በሙሉ ግልቢያ ገቡበት። የፊተኞቹ እስከ ደረታቸው ሰመጡ፤ ድሮጎን ጨምሮ የኋለኞቹ በላያቸው ተከመሩ። ሁለቱ ግን አመለጡ። አንደኛው ኦርምን በሰይፍ አንገቱን መታው፤ ሽማግሌው የያዘውን ቅርንጫፍ ሳይለቅ ወደቀ። ሌላው ሃዊዝ ላይ ደርሶ ጸጉሯን ጨብጦ ከፈረሷ ጎትቶ አወረዳት።

«ነይ እንጂ ሙሽሪት! ድሮጎ ይጠብቅሻል!»

የአባቷን ጩቤ ከሰውዬው አገጭ ሥር ወደ ላይ ሰካችው። ትኩስ ደም እጇን እስከ ክርኗ አለበሳት። ኦርምን የገደለው ይህን ሲያይ ልጓሙን አዞረ። ውኃው ሲመጣ እስከ ወገቧ፣ ቀጥሎ እስከ ደረቷ ደረሰ፤ የአባቷን ፈረስ በልጓሙ እየጎተተች ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኗ ደረሱ። ቃል ኪዳኑ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው በቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ ላይ ነው የሚገባው። ዋሪንን ግድግዳው ሥር አስቀመጡት፤ ሃዊዝ ከጎኑ ተንበርክካ እጁን ያዘች። ሲሞን ከፊታቸው ቆመ። ቄሱ ሲሞንን ሲጠይቅ የአባቷ ጣቶች ጨበጥ አደረጓት። ተራው ወደ እሷ ሲዞር እጁ ከበዳት። አወቀች።

«ፈቃዴ ነው!» አለች ጮክ ብላ።

ቀለበቱ ጣቷ ላይ እንደገባ ድሮጎ ከአሸዋው በተረፉት ሰዎቹ ታጅቦ ውኃውን አቋርጦ ደረሰ፤ እስከ ብብቱ ጭቃና ውኃ ነው። የሲሞን አባት ቀስተኞች ቀስታቸውን ወጠሩ። ድሮጎ ግን ጎንበስ ብሎ የዋሪንን ጉንጭ ነካ።

«ሰውዬው በርዷል! ሬሳ ልጁን አይድርም!»

«ከባሕር ነው የወጣው» አለች ሃዊዝ። «ያንተስ እጅ ሞቋል?»

«ትማል!» አለ ድሮጎ።

ቄሱ የአንድ ቅዱስ አጽም ያለበትን የብር ሣጥን አመጣ። በዚያ አጽም በሐሰት የማለ እጁ ይደርቃል ይባላል፤ እሷም ታምንበታለች። ደም የለበሰ እጇን ጫነችበት።

«አባቴ ቃሌን ሰምቶ ነው ያረፈው።»

ሁሉም እጇን አዩ። አልደረቀም። ድሮጎ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ መንደርተኛው ያኔ ከየበሩ ወጥቶ ይሰድበው ጀመር።

ሃዊዝ አባቷ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሲሞን አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ቄሱ አንቺን ከመጠየቁ በፊት ነው ያረፈው» አላት በሹክሹክታ። «አይቻለሁ።»

እጇ ወደ ጩቤዋ ሄደ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። እስክትመልሺ ድረስ ፊቱን ከሰው ከልዬው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መልኩን ቀና ብላ አየችው። የጩቤውን እጀታ ለቀቀች።

«በእግሩ በኩል ያዝልኝ» አለችው። «እኔ በራስጌው እይዛለሁ።»

ተሸክመው አስገቡት።