ይቅር ያልኩት ገጽ

ከላጲስ ጋር የተዋወቅነው ስዕሉን አበላሽቼበት ነው።

ትምህርት ቤታችን በአራት በአራት መድቦን፣ ስለምንኖርበት ከተማ በስዕል የተሞላ መጽሐፍ እንድንሠራ አዝዞን ነበር። ማዘጋጀቱም፣ ማተሙም፣ መጠረዙም የራሳችን ነው። ሥራ ስንከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ መጻፍና ማረም ሆነ። ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ ስለማይጠፋ «ቀዮ» ይሉኛል። እሱ ደግሞ የቡድናችን ሰዓሊ ነው፤ ከሚስለው የሚያጠፋው ስለሚበልጥ «ላጲስ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ የአንድ መንገድ ስዕል አገኘሁ። ሰሌዳው «ፀጉ ቤት» ይላል። እጄ አላስችል አለው፤ በቀይ «ር» ጨመርኩበት። ከኋላዬ አንድ ለስላሳ ድምፅ፣ «እሱ እኮ ዋናው ነው» አለኝ። እኔ ቅጂ መስሎኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ስህተት አይቼ ነው» አልኩት።

«ስህተት አይደለም። ሰሌዳው ላይ ያለው እንደዚህ ነው።»

አላመንኩትም። እልኸኛ ነኝ፤ ይህን ከአሁኑ ተናግሬ ልገላገል። ተያይዘን ሄድን። እውነትም «ር» ወድቃ ሁለት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ፀጉር አስተካካዩ ወጥቶ ምን እንደምናፈጥ ሲጠይቀን፣ ላጲስ ፈገግ እንኳ ሳይል «ልትቆረጥ መጥታ ፈርታ ነው» አለው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልቤ የሸፈተው ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ከተማዋን አብረን ዞርን። እሱ ታጣፊ ወንበሩን ተሸክሞ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ። አውቶቡስ መናኸሪያው ደረጃ ላይ፣ ድልድዩ ሥር፣ የአሮጌ ፎቆች ጣሪያ ላይ ተቀመጥን። ሲያካፋ ዣንጥላዬን እዘረጋለሁ፤ ግን የምይዘው ለወረቀቱ ነው፣ እሱ ይበሰብሳል። አንድም ቀን አላማረረም። እኔ አጭር እጽፋለሁ፤ ቃል ማባከን አልወድም። እሱ ደግሞ አንድ መስኮት ለመሳል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ቢሆንም ተግባብተናል... ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት፣ መናኸሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ ድንገት እንዲህ አለኝ፦

«ይህ ትምህርት ሲያልቅ ልሄድ ነው።»

«ወዴት?»

ሌላ ከተማ፣ አጎቱ ጋ። አጎቱ የመኪና መለዋወጫ መደብር አለው፣ የሚያምነው ሰው ይፈልጋል። እናቱ ቃል ሰጥታለች። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ እናቱ ብቻዋን ናት ያሳደገችው፤ እሷን አስቀይሞ የሚኖርበት ሕይወት አይታየውም። ስዕል ያበላል ወይ ብላ በጠየቀችው ቁጥር መልስ ያጣል። ይህን መጽሐፍ ሲያሳያት ግን ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ያለው ተስፋ ይኸው ብቻ ነው።

እኔ ምን አልኩ? «ተረድቻለሁ» አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ትራሴን አቅፌ አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አዲስ ስዕል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሁለት ገጽ የሞላ ስዕል ነው። በአንድ ሱቅ መስታወት ማዶ አንዲት ሴት ስፌት መኪና ላይ አጎንብሳለች፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የክር ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ስሏቸዋል። ማን እንደሆነች አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ብቻ ከእጄ ላስቀምጠው አልቻልኩም።

ችግሩ የመጣው ከቆጠራው ነው። የማተሚያ ክፍሉ መምህራችን ገጾቹን ቆጥረው ሠላሳ አራት አገኙ። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ ሠላሳ አራት ደግሞ ለአራት አይካፈልም። «ወይ ሁለት ቀንሱ ወይ ሁለት ጨምሩ። ለመጨመር ጊዜ የላችሁም» አሉን። ምርጫው ለእኔ ተሰጠ።

ለእኔ ከባድ አልነበረም። ላጲስ ሁለት ሳምንት የለፋበት፣ ሁለት ገጽ የያዘ የአደባባዩ ትልቅ ሰዓት አለ፤ ቆንጆ ነው፣ ግን ፖስትካርድ ሁሉ ላይ ያለ ነገር ነው። በዚያ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ራሴን መሸከም አቅቶኛል። ሁለት ቢጫ ወረቀት ቆርጬ፣ ልብስ ሰፊዋ ላይ «ይቅር»፣ ሰዓቱ ላይ «ይውጣ» ብዬ ለጥፌ ለላጲስ ተውኩለትና ሄጄ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ስመለስ የታተሙት ወረቀቶች በየመደርደሪያው ደርቀዋል። አገላበጥኳቸው። ሰዓቱ አለ። ልብስ ሰፊዋ የለችም።

ደሜ ፈላ። ለለፋበት የሰዓት ስዕል ሳስቶ በእኔ ላይ ወሰነ ብዬ አሰብኩ። በሁሉም ፊት፣ «እንዲህ ከሆነ እኔን ለምን ምረጪ ትሉኛላችሁ?» አልኩ።

ላጲስ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ደክሟል። «ያልሽው ነው የሆነው» አለና ወጣ።

ያሾፈብኝ መሰለኝ። ሮጬ «ምን ማለትህ ነው?» ብለው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። አላልኩም። ኩራቴ ያዘኝ። እሱም አኮረፈ። ሁለታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተን ሦስት ቀን ሠራን፤ ማጣበቂያ ስፈልግ እንኳ በሌላ ሰው ነበር የማስጠይቀው። መጽሐፎቹ የሚታዩበት ዐውደ ርዕይ ዓርብ ነው። እሱ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እንደሚሄድ ከቡድናችን ጠራዥ ሰማሁ።

ረቡዕ ዕለት ተነሣሁና ያቺን ሴት ፍለጋ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ከመጽሐፉ ስለተቀነሰች የበደልኳት መስሎኝ ይሆናል። ምክንያት እንዲሆነኝ ዚፑ የተበላሸ ቀሚሴን ያዝኩ። ስዕሉ ላይ ከሱቁ ጎን የባንክ ደረጃ ስለነበር ባንኮቹን አንድ በአንድ ዞርኩ፤ ሦስተኛው ጋ አገኘሁት። ያው መስታወት፣ ያው የክር ጥቅል። ሴትዮዋም ራሳቸው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ።

«ግቢ ልጄ፣ በር ላይ አትቁሚ» አሉኝ።

ገባሁ። ግድግዳው ላይ ስዕሉ ተሰቅሏል። ዋናው። ቢጫ ወረቀቴም እንደተለጠፈ ነው።

ዓይኔን ተከትለው አዩና፣ «የልጄ ሥራ ነው» አሉ። ወንበር ሰጥተውኝ፣ ቀሚሱን ተቀብለው ዚፑን መፍታት ጀመሩ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው አያርፍም። ልጃቸው መጽሐፍ ውስጥ ትወጫለሽ ብሏቸው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረው፣ ዓርብ የሚለብሱትንም አዘጋጅተው ነበር። ከዚያ የቡድኑ አለቃ አልወደደችውም አላቸው።

የላጲስ እናት። ያበላል ወይ ብለው የሚጠይቁት እናቱ። ያን ገጽ ነው ያጠፋሁበት።

«ይሄ ቢጫው ወረቀት...» አልኩ።

«እሱማ አልገባኝም» አሉ። «ደንበኛ ቀሚስ አምጥቶ 'ይሄ እጅጌ ይቅር' ሲለኝ፣ ይቆረጥ ነው ወይስ እንዳለ ይኑር ብዬ ሳልጠይቅ መቀስ አላነሳም። ስንቱን ልብስ ከመበላሸት አድኛለሁ መሰለሽ? ልጄን ጠይቀሃታል ወይ ብለው፣ ተይው እማ አለኝ።»

ያኔ በራልኝ። እኔ «ይቅር» ስል እዚያው ይኑር ማለቴ ነበር፤ እሱ ይተው ብሎ አነበበው። «ይውጣ» ስል ይወገድ ማለቴ ነበር፤ እሱ ታትሞ ይውጣ ብሎ አነበበው። ሁለት ቃል ጽፌ ሁለቱም ተገልብጠዋል። ለማረም የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ!

«እናቴ፣ አለቃዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

መርፌውን አቆሙ።

«ይኑር ማለቴ ነበር። ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ስዕሉን ነው ልጄን?»

ፊቴ ጋለ። እሳቸው ቀሚሱን ወደ ጎን አስቀመጡና፣ «ይሄን ነገ ትወስጃለሽ። አሁን ሩጪ» አሉኝ።

ሮጥኩ። ላጲስ ማተሚያ ክፍል ውስጥ ወረቀት እያጠፈ ነበር፤ መምህሩም አጠገቡ ቆመዋል። ትንፋሼ ሳይመለስ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቃል ማባከን የማልወደው እኔ፣ ያን ቀን አላቆምኩም። ስለ ሁለቱ ቃላት ነገርኩት፣ ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ ኩራቴ፣ እናቱን ስላየኋቸው። በመጨረሻ «አጥፍቻለሁ» አልኩት።

ያጠፈውን ወረቀት አስቀመጠ።

«እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «እናቴን ያልወደድሽ መስሎኝ... ከሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መጽሐፉ ገና አልተሰፋም፤ መሐሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ማስገባት ይቻላል አሉን። አንድ ወረቀት ግን አራት ገጽ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን ትይዛለች፣ ሌሎቹን ሁለት በምን እንደምንሞላ እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ እንድናስብ ጊዜ ሰጡን። ከስዕሉ በኋላ ያለውን እኔ፣ ከስዕሉ በፊት ያለውን እሱ ወሰድን። ምን እንደሚስል ብጠይቀው አልነግርሽም አለኝ። ከዚህ በፊት ስለ ልብስ ሰፊዋ አራት መስመር ብቻ ነበር የጻፍኩት። አሁን ሱቋቸው ሄጄ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ስፌት መኪናውን በስንት ዓመታቸው እንደለመዱ፣ የትኛው እግራቸው እንደሚያማቸው፣ ልጃቸው በልጅነቱ ከጠረጴዛው ሥር፣ ጨርቅ በሚያሰምሩበት ጠመኔ ወለሉን ሁሉ እንዴት በስዕል እንደሞላው... ሁሉንም ነገሩኝ። አንዱንም አላጠፋሁም።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። እናቱ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ላጲስ መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። በማግስቱ የሚሄድበት ሻንጣ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቷል፤ ሁላችንም እናውቃለን።

ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። አንድም አልዘለሉም። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እኔም ከትከሻቸው በላይ አየሁ። የላጲስ አዲሱ ስዕል፣ ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ቀሚስ በእጇ ይዛ ለመግባት የፈራች ልጅ ናት። ጣቷ ላይ የቀይ ቀለም ነጠብጣብ ሳይቀር አለ። እኔ ነኝ።

እናቱ ገጹን ገለጡ። ራሳቸውን አዩ። ጣታቸውን በስፌት መኪናው ላይ፣ በክሮቹ ላይ፣ ቀስ አድርገው አሳለፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ቀዩ ክር ከላይ አይደለም የሚቀመጠው» አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «ለአጎትህ ደውልና ሌላ ሰው ይፈልግ በለው» አሉ።

«እማ?»

«ሰምተኸኛል።»

ላጲስ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ፤ ቀና ሲል ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ። ወደ እኔ ዞረ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እናቱ መሐላችን ተቀምጠው፣ እጄን ያዘኝ።

«ስዕሉን ነው እኔን?» አለኝ። ነግረውታል ማለት ነው!

«አንተን» አልኩት። «አንተን ነው የምወድህ። በደንብ ስማኝ፣ በሌላ እንዳትተረጉምብኝ።»

«እኔም እወድሻለሁ፤ ከፀጉር ቤቱ ቀን ጀምሮ...»

«ልጆች» አሉ እናቱ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ጣታቸው እኔ የጻፍኩት ገጽ ላይ እንዳለ። «ትንሽ ዝም በሉ። እያነበብኩ ነው።»