ከዜሮ በታች ዘጠኝ

ታህሲን ሃያ ስድስት ዓመት ሲለካው በኖረው ስንዴ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። በኮንያ ሜዳ ያለው የአየር ጠባይና የሰብል መከታተያ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ከብርዱ ወራት በፊት ተዘርቶ በሐምሌ የሚታጨደው ስንዴ እንዴት እንዳደረ በየጠዋቱ ለአንካራ የሚያስታውቀው እሱ ነው፤ አንካራ ደግሞ የአገሩን ጣቢያዎች ሁሉ ቁጥር ሰብስቦ ለገበሬው ይናገራል።

መርማሪ ነዚሄ ስትደርስ ሜዳው በውርጭ ነጭ ለብሶ ነበር። ሟቹ የተደፋው የመለኪያዎቹ የሲሚንቶ መሠረት አጠገብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ሰውየው ጠዋት ሊለካ ወጥቶ አንሸራትቶት ነው ብለው ጨርሰውታል።

«ቀስ አድርጋችሁ አንሱት» አለች።

ሲያነሱት ከሥሩ ያለው ቡቃያ ተጨፍልቆ ታየ፤ ግን አረንጓዴ ነበር። ውርጭ የሚባል አልነካውም። ነዚሄ ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰችውና ለማንም ሳትናገር ተነሳች።

አስከሬኑን ያገኘችው ፔሪሃን የምትባል የሰብል ባለሙያ ናት፤ እድሜዋ ሃያ ሰባት፣ የምታድረውም እዚያው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሌላ ወረዳ ቡቃያ ስትቆጥር ውላ ከመሸ እንደተመለሰች፣ የቢሮው መብራት ጠፍቶ ስላገኘችው ኃላፊዋ ቤቱ የገባ እንደመሰላት ተናገረች። ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንዴውን ልታይ ስትወጣ ነው ያየችው። ነዚሄ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ የሚቆየውን መለኪያ እንድታነብላት ጠየቀቻት።

«ከዜሮ በታች አስራ ስድስት።»

«አልገረመሽም?»

«ምን ይገርመኛል? ትናንት አስር ሰዓት ተኩል ላይ ከሆጃ ጋር በስልክ አውርተናል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ስንዴውን የሚሸፍነው በረዶ የለም፣ ከአስራ አምስት በታች ይወርዳል ተባብለን ነበር።» ታህሲንን ሆጃ ነው የምትለው፤ ያስተማራት እሱ ነው።

የሟቹ ሚስት ሙአላ ከከተማ መጥታ ቢሮው ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። ባሏ ሳይገባ አድሮ ለምን ለማንም እንዳልተናገረች ስትጠየቅ ፔሪሃን ወደቆመችበት በአገጯ ጠቆመች።

«እሷ ጋ ያደረ መስሎኝ ነዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ እራት ላይ የሚወራው ስለሷ ነው። ፔሪሃን እንዲህ አየች፣ ፔሪሃን እንዲህ አሰበች። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ለምኜ አላስመጣውም አልኩ።»

ሦስተኛው ሳፌት ነው፤ ምክትል ኃላፊ፣ የአካባቢውን የአየር ትንበያ የሚጽፈው ሰው። ገና ሳይጠየቅ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ ቤት ተሰልፎ እንደነበር፣ አስር ሰው እንዳየው ነገራት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የጠዋቱን መልእክት አሳያት። ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ በታህሲን የሚስጥር ቁጥር ነው የተላከው። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች ዘጠኝ፤ ስንዴው ደህና ነው ይላል።

«እንግዲህ ጋሼ ታህሲን እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለ።

ነዚሄ ከሟቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብዳቤ አነሳች። የመላ አገሩን የስንዴ ክትትል የሚመራ ሰው እንዲጠቁም አንካራ ጠይቆት ኖሮ፣ ታህሲን ትናንት በእጁ የጻፈው መልስ ነው። የጠቆመው ፔሪሃንን ነበር።

«ይገባታል» አለ ሳፌት።

ነዚሄ ቃሉን አወቀችው። ባለፈው ወር እሷ ያሠለጠነችው ልጅ ማዕረግ አግኝቶ አለቃዋ ሲሆን እሷም በዚሁ ድምፅ «ይገባዋል» ብላ፣ ቤቷ ገብታ የልጁን ስህተቶች ስትቆጥር አድራለች። ስሜቱን ስለምታውቀው ብቻ ግን ሰው አይከሰስም። አስከሬኑን የሚመረምረው ሐኪም የመጀመሪያ ቃሉን እስኪሰጥ ጠበቀችና ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ ታህሲን የተኛበት ስንዴ ውርጭ አልነካውም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የወደቀው ውርጩ ሳይመጣ፣ ትናንት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሐኪሙም ይህንኑ ይላል። የዛሬውን መልእክት እሱ አልላከውም።»

«ታዲያ ማን ላከው?» አለች ሙአላ።

«ትናንት ማታ ተጽፎ፣ ጠዋት በራሱ ጊዜ እንዲሄድ ተደርጎ የተቀመጠ ነው። የላከው ሰው ጠዋት ሌላ ቦታ መታየት ፈልጓል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። ብርዱ ገና ሳይመጣ መለኪያ አይነበብም፤ ሰውየው መገመት ነበረበት።» ወደ ሙአላ ዞረች። «የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቁት የጣቢያው ሰዎች ናቸው፤ አንቺ አታውቂም፤ ብታውቂም ምን እንደሚጻፍ አታውቂም። ፔሪሃን ብትሆን አስራ አምስት ወይም አስራ ስድስት ትጽፍ ነበር። ዘጠኝ ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው።» የትናንቱን የትንበያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዜሮ በታች ዘጠኝ ይላል፤ ግርጌው ላይ የሳፌት ፊርማ አለ።

ሳፌት ፊርማውን በአውራ ጣቱ ሸፈነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ» አለ። «ትናንት ደብዳቤውን አስነበበኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ አንተ ወረቀት ነው የምታየው፣ እሷ ቡቃያውን ታያለች አለኝ። ከዚያ ሊለካ ሲወጣ ተከተልኩት፤ ትንበያህን ደግሞ አስተካክል፣ ዘጠኝ አይደለም አለኝ። ገፋሁት። ዝም እንዲል ነበር የፈለግሁት።»

«ትተኸው ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ሙአላ እስከ ስንት ሰዓት በሕይወት እንደቆየ ጠየቀች። ነዚሄ ሐኪሙ የነገራትን ታውቃለች፤ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይቆይ አልቀረም። ምርመራው ገና አላለቀም ብላ አለፈችው።

ሙአላ ከጠዋት ጀምሮ ያላናገረቻትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራቻት።

«ፔሪሃን፣ በስልክ ስታወሩ ሌላስ ምን አለሽ?»

ፔሪሃን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «የማታውን ልኬት ወስጄ ቶሎ ልግባ አለኝ፣ እትዬ ሙአላ። ዛሬ አላስቀይማትም፣ እየጠበቀችኝ ነው አለኝ።»

 ሙአላ ልትሄድ ተነስታ በሩ ድረስ ደረሰች፤ እጀታውን እንደያዘች ግን መክፈት አቃታት።