ሠላሳ ስምንት ኩንታል ጤፍ

የግብር ገማቹ ገዳሙ እሑድ ጠዋት አምበር ከተማ፣ በጠይባ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ በሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ በሩም ከውጭ ተቆልፎ ነበር። የሟቹ እጆች ተላልጠዋል፤ በቆርቆሮው በር ላይ ከውስጥ በኩል ደም ደርቋል። ደጃፉ አጠገብ ካለው የጆንያ ክምር ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አመድ የመሰለ ዱቄት ተገኘ። ነቀዝ ለመግደል እህል መካከል የሚቀመጥ፣ መርዛም ጋዝ የሚያወጣ ክኒን ቅሪት ነው።

ኢንስፔክተር የብርጓል ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ፣ የአምበር ፖሊሶች ሥራቸውን ጨርሰው ጠበቋት። ጠይባ ታስራለች፤ ስድስት ሰዓት ላይ በመኪና ወደ ደብረ ማርቆስ ትወሰዳለች። የአራት ወር ሕፃኗን እህቷ ታቅፋ ደጅ ቆማለች። ገማቾቹ በቀን አምስት ሺህ ብር ትሸጫለሽ ሲሏት በሕዝብ ፊት «ግደሉኝና ውረሱኝ!» ብላ ጮኻለች። መጋዘኑ የእሷ፣ ቁልፉም የእሷ ነው።

«ቁልፉን ለማን ሰጠሽ?» አለች የብርጓል።

«ለማንም። ጓጉንቸሩ ሲጫኑት ይዘጋል፤ ቁልፍ የሚፈልገው ሲከፈት ነው። ቅዳሜ ጋሽ ገዳሙ ቅሬታሽን ላጣራ ብለው መጡ። ገበያ ነው፤ ከፈትኩላቸውና ‹ሲጨርሱ ይጫኑት› ብዬ ወደ መደቤ ሄድኩ። አመሻሽ ላይ ሳየው ተዘግቷል። ጨርሰው ሄዱ አልኩ።»

«ሲጮኹ የሰማ የለም?»

«ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ።»

«ክኒኑስ?»

«ክኒን ገዝቼ አላውቅም! ምን ላደርግበት?»

የብርጓል ይህችን መልስ ጽፋ ከሥሯ አሰመረች።

የከተማው ትልቁ እህል ነጋዴ አንሙት መጋዘኑ ደጅ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

«ጤፍ አለኝ፣ በቆሎ አለኝ፣ ስንዴ አለኝ፣ ክኒንም አለኝ። ወንጀል ነው?»

«በቀን ስንት ትሸጣለህ ተባልክ?»

«ዘጠኝ መቶ ብር። ዓመቱ ክፉ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ይሄን ደጅህ የቆመውን አይሱዙ መኪናም ያመጣው ክፉው ዓመት ነው?»

«እሱ የወንድሜ ነው» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

ሦስተኛው ሰው የሟቹ የሥራ ባልደረባ የኋላሸት ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ አምበር ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው።

«ገዳሙን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየኸው?»

«ዓርብ፣ ቢሮ።»

«ከጠይባ ጋር ጠብ ነበረው?»

«ከእኛ ጋር ጠብ የሌለው ነጋዴ የት አለ? መሰብሰብ ያለበት ድምር ከላይ ተወስኖ ይመጣል። ለአንዱ ከቀነስክ ሌላው ላይ መጨመር ነው።»

«ክኒኑን ማን ያስቀመጠው ይመስልሃል?»

«እሷ ናታ፤ ጤፏን ከነቀዝ ለማዳን። ሰውየው ወደ ውስጥ መግባቱን አላየች ይሆናል። አደጋ ነው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የብርጓል ሦስቱንም፣ የገቢዎች ኃላፊውን አቶ አማረንም ጨምራ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

«ገዳሙ ኪሱ ውስጥ በተገኘው ደብተር ላይ የጻፈው የመጨረሻ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ኩንታል ነው» አለች። «የጠይባ የግምት ቅጽ ዘጠና ይላል። ሰውየው ግብሯን ሊያስቀንስላት ነበር። ለምን ትገድለዋለች?»

«አደጋ ነው አልኩ እኮ» አለ የኋላሸት።

«እሱን እናያለን። አንሙት፣ በሃያ ዓመት ንግድህ ለጤፍ ክኒን አስቀምጠህ ታውቃለህ?»

መልሱን የሰጠችው ጠይባ ናት።

«ጤፍ እኮ ነቀዝ አይነካውም! እንዲያውም ሌላውን እህል እንዳይነቅዝ ከጤፍ ጋር እንቀላቅለዋለን። ይሄን የማያውቅ አለ?»

«ክኒኑን ያስቀመጠው ሰው አያውቅም። የጠይባ ስህተት ለማስመሰል ሲሞክር፣ ጠይባ በሕይወቷ የማትሠራውን ሠራ። ዛሬ ጠዋት ‹ጤፏን ከነቀዝ ለማዳን› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«አለማወቅ ወንጀል ነው?» አለ የኋላሸት።

«አይደለም። ማን እንዳስተማረህ ግን አውቃለሁ።» የአንሙትን ፋይል ገለጠች። «‹የጤፍ ክምችቱ እኩሌታ በነቀዝ ስለተበላ ግምቱ ዝቅ ተደርጓል› ይላል፤ ፊርማው ያንተ ነው። ገዳሙ ዲማ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው፤ ጤፍ እንደማይነቅዝ ያውቃል። ይህቺን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አክብቧታል። ግምቱ የተገዛ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ከአንሙት የተነሣው ግብር ማን ላይ እንደተጫነ ፈለገ፤ ጠይባን አገኘ፤ ሊቆጥር መጣ።»

ወደ አንሙት ዞረች።

«ክኒኑ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ወይ ለሰው ሰጥተሃል፣ ወይ ራስህ ገድለሃል። በጉቦው ጥቂት ዓመት ትታሰር ይሆናል፤ በግድያው ግን ዕድሜ ልክህን ነው። ምረጥ።»

አንሙት የሚወጣበት እንደሚፈልግ ሰው ግራ ቀኙን አየ። መውጫ አልነበረም።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የኋላሸት አንድ ቱቦ ክኒን ወሰደ። ለአከራዬ በቆሎ ነው አለኝ። ሰው ይገድልበታል ብዬ በምን አባቴ ልወቅ? የነቀዙንም ነገር፣ የሚጻፍ ምክንያት ስጠኝ ሲለኝ ቀልዴን ነው ያልኩት።»

«ቀልድህን?» አለ የኋላሸት። «ገዳሙ ሰኞ ለአቶ አማረ አቀርበዋለሁ አለኝ፤ ለምኜው ነበር። ቅዳሜ እዚህ እንደሚቆጥር አውቄ መጣሁ፤ እሱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሲቆጥር ክኒኑን ሸጎጥኩና በሩን ዘግቼ ጓጉንቸሩን ተጫንኩት። መክፈቻ የለኝም። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እችል ነበር?»

«ጠይባ ገበያ ውስጥ ነበረች፤ ሁለት መቶ እርምጃ። ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ነበር» አለች የብርጓል።

ለጠይባ የመጣው መኪና የኋላሸትንና አንሙትን ይዞ ሄደ። ጠይባ ሕፃኗን ከእህቷ ተቀብላ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ማጥባት ጀመረች።

«ግምቴስ?» አለች።

አቶ አማረ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅሬታሽን የያዘው ገዳሙ ነበር። ሌላ አጣሪ ቆጥሮ እስኪወስን የተጻፈው ይጸናል።»

«እንግዲያው ነገ ሰው ይላኩ። ከእንግዲህ ግን ብቻውን አላስገባም፤ አብሬው ገብቼ እቆጥራለሁ። የሚዘጋም ካለ በሁለታችንም ላይ ይዝጋ።»