«ዲ ላይ ገልብጪው»

ያ ኮምፒውተር ፈጣን ቢሆን ኖሮ ሮሐና ሌዊ አይዋደዱም ነበር። አንድ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብሮ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ሁለት ወጣቶች ደግሞ ግማሽ ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ጭላሎ ተራራ ብርድ ብቻ ማውራት አይችሉም።

ሮሐ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ጠባብ የፎቶና ቪዲዮ ቤት አላት። ሌዊ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። መጀመሪያ የመጣው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ነበር። ፎቶው እስኪወጣ ሲጠብቅ የማሽኑን ማጓራት ሰማና «ይሄ ነገር ያመዋል እንዴ?» አለ። አስፈቅዶ ጎኑን ፈታው። ከውስጡ የወጣውን አቧራ ስታይ ሮሐ በሀፍረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሱ ግን አልሳቀባትም፤ ጠርጎ፣ አጽድቶ፣ ገጥሞላት ሄደ። በሳምንቱ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ብሎ መጣ። በሌላው ሳምንትም መጣ።

«አስተማሪዎች ቤት ጉርድ ፎቶ ይበላል እንዴ?» አለችው።

ሌዊ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷም ወንበር ስባ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እግሩ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ማሽኑ ሲያንቋርር እነሱ ያወራሉ። ስለ እናቱ፣ ስለ አባቷ፣ በልጅነቱ ስለፈራው ውሻ፣ እሷ ስላቋረጠችው ትምህርት። ወሬ ሲያልቅ ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ከወሬው ይልቅ ዝምታውን ነበር ሮሐ የምትወደው። አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ማውስ ሊያንቀሳቅስ ሲል እጁ እጇ ላይ አረፈ፤ ሳያነሳውም ቆየ። ያን ቀን የተቀናበረው የሙሽሮች ዳንስ ሙዚቃው ከእግራቸው ጋር ሳይገጥም ወጣ። ባለሰርጎቹ ግን ልብ አላሉም።

ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ተስማሙ። የሌዊ ወላጆች ሩቅ ስለሆኑ ሽማግሌ የሚሆኑለት የአከራዩ ወንድም ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በሰፈሩ እሳቸው ካሉበት እርቅ አይከሽፍም የሚባልላቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ፣ ቁጥብ ሰው።

ችግሩ የመጣው በጥር ነው። ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል፤ የካሜራ ካርድ ግን አይደራረብም። ስለዚህ ሮሐ አንዱን ሰርግ ቀርጻ እንደመጣች ኮምፒውተሩ ላይ ትገለብጥና ካርዱን ለሚቀጥለው ታጸዳዋለች። ሁለተኛ ቅጂ የሚባል ነገር የላትም። ሥራውን ያስተማሯት ሰዎችም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ምንም ደርሶባት አያውቅም።

ከጥር ሰርጎች ሁሉ ትልቁ የእህል ነጋዴው የአቶ አሰግድ ልጅ የሃኒ ሰርግ ነበር። አቶ አሰግድ በአሰላ የሚታወቁት ፊታቸው የማይፈታ በመሆናቸው ነው። ልጃቸውን ሲመርቁ ግን ድምፃቸው ተቆርጦ፣ ማይኩን እንደያዙ ሰው ፊት አለቀሱ። ያንን ያየ ሁሉ ሳምንቱን ሌላ ወሬ አላወራም። ሃኒም ቪዲዮው መቼ ነው የሚደርሰው እያለች በየቀኑ ትደውል ነበር።

በዚያው ሰሞን ዴራ ያሉት የሮሐ አጎት አረፉ። ሮሐ የሃኒን ሰርግ ገልብጣ፣ ለቦታ ብላ ሠርታ ያስረከበቻቸውን አሮጌ ፎልደሮች ሁሉ አጥፍታ፣ የቤቱን ቁልፍ ለሌዊ ሰጥታ ለቅሶ ሄደች። ከዴራ ስትመለስ እንኳ እቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ ኢተያ ወርዳ ሌላ ሰርግ ቀረጸች። አሰላ የገባችው ካርዱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። በማግስቱ ሌላ ሰርግ ስላለ ካርዱ መጽዳት ነበረበት። የት ላስቀምጠው ብላ ለሌዊ ደወለች።

«ዲ ላይ ገልብጪው» አላት። «ዲ ላይ ሰፊ ቦታ አለ።»

ዲ የምትሠራባቸው ሰርጎች ሁሉ የሚቀመጡበት የዲስኩ ክፍል ነው። በድካም ሌላውን ልብ ሳትል ገለበጠችው። ከዚያ የሃኒን ሰርግ ልትጀምር ብትፈልግ የለም። ዲ ላይ የለም፣ ሲ ላይ የለም፣ የትም የለም። ከዲ ጎን ደግሞ አይታው የማታውቀው ኢ የሚባል ባዶ ክፍል አለ። እንደገና ለሌዊ ደወለች።

ሌዊ ሮጦ መጣ። ኢ ምንድን ነው ስትለው በገና ሰሞን፣ ሰርጉ ገና ሳይቀረጽ፣ ዲስኩን የከፋፈለው እሱ እንደሆነና መንገር እንደረሳ ነገራት። ከዚያ ከመሄዷ በፊት ምን ምን እንዳጠፋች ጠየቃት። አሮጌ ፎልደሮች ማጥፋቷን ነገረችው። ሌዊ ትከሻዋን አቅፎ፣ በሰርግ ጥድፊያ እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት ቢሠራ አይገርምም አለ። የሃኒንም አብራ ሰርዛው ይሆናል ማለቱ ነው። ሮሐ አመነችው። እንዴት አታምነውም? ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው እሱ፣ የሚወዳትም እሱ።

አቶ አሰግድ ሲሰሙ ቪዲዮ ቤቷን አዘጋለሁ ብለው ነበር። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ መሃል ገብተው ይቅርታ እንድትጠይቅ ተወሰነ። ሮሐ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አቶ አሰግድ ጉልበት ላይ ወደቀች። ሃኒ ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር። ያኔ ሌዊ አብሯት ተንበረከከ።

«ጥፋቱ የሷ ነው፤ አልክድም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ደክሟት ነው። ስለ እኔ ብለው ይማሯት።»

አቶ አሰግድ ማሯት። ከዚያ ግቢ ሲወጡ ሮሐ እጁን ጨብጣ፣ የምትሄድበትን መንገድ እንኳ ሳታይ፣ እንዲህ ያለ ሰው የሰጣትን አምላክ አመሰገነች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ማንንም ወዳ አታውቅም።

ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ሮሐ ግን የሃኒ እንባ ከልቧ አልወጣላትም። ምናልባት ትንሽ ነገር እንኳ ከተገኘ ብላ ማሽኑን ተሸክማ ስልክና ኮምፒውተር ወደምትጠግነው ጓደኛዋ ወደ ነቢላ ሄደች። ለሌዊ አልነገረችውም፤ ከተሳካ ልታስደስተው ነበር።

ነቢላ ዲስኩን አውጥታ ከራሷ ማሽን ጋር አገናኝታ ስትመረምረው ዋለች። ከሰዓት በኋላ ሮሐን ጠራቻትና መጀመሪያ ነገር ተቀመጪ አለቻት።

«ሰርዘሽ አይደለም የጠፋው» አለች። «ዲ ለሁለት ሲከፈል መሃል ላይ ተቋርጦ ተበላሽቷል። ከዚያ እንዲከፈት ብሎ አንድ ሰው ፎርማት አድርጎ ባዶ አስመስሎታል። የተደረገበት ቀን ይሄውልሽ።»

ሮሐ ቀኑን አየች። አጎቷ የተቀበሩበት ቀን ነው። እሷ ያን ቀን ዴራ ነበረች።

«ገና ላይ አይደለም?» አለች፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«አይደለም። ሌላም አለ።» ነቢላ ስክሪኑን ትታ ወደሷ ዞረች። «ፎርማት የተደረገ ነገር ወዲያው አይጠፋም። ምንም ነገር ካልተገለበጠበት ይመለሳል፤ ወላሂ፣ እኔ ራሴ ስንት ሰርግ መልሻለሁ። ግን በላዩ ላይ ሌላ ሰርግ ተገልብጦበታል። ማነው እዚህ ላይ ገልብጪ ያለሽ?»

ሮሐ ተነሳች። ማሽኑን እዚያው ትታ ወጣች።

ሌዊን ያገኘችው ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ነው፤ እንደወትሮው ከትምህርት ቤት ወጥቶ እየጠበቃት። የነቢላን ቃል ስትነግረው አልካደም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዴራ ስትሄድ ሊያስደስታት አስቦ ነበር። ዲን ለሁለት ከፍሎ፣ አዲሱ ክፍል ላይ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ስትመለስ ማሽኑ ሲፈጥንላት ፊቷን ሊያይ። ክፍፍሉ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ዲ አልከፈት አለ። ደነገጠ። በድንጋጤ ፎርማት አደረገው።

ይሄን ሁሉ ስትሰማ የሮሐ ልብ ሊራራ ጀምሮ ነበር። ለሷ ብሎ ነው። ለሷ ብሎ ያጠፋ ሰው ይቅር ይባላል፤ የሃኒ ሰርግ አይደለም፣ የዓለም ሰርግ ሁሉ ቢጠፋ።

«እንደሚመለስ ታውቅ ነበር?» አለችው።

ሌዊ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ።

«ሌዊ፣ ካልተገለበጠበት እንደሚመለስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ዲ ላይ ገልብጪው ያልከኝ?»

ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። ማንም ቢያየው የሱ ሥራ መሆኑ እንዳይታወቅ ብሎ ነው። ያንን በቃሉ አልተናገረውም፤ ግን መልሱ ፊቱ ላይ ነበር። በገዛ እጇ እንድታጠፋው አደረጋት። ከዚያ ጥፋቷ ነው ብሎ አሳመናት፣ ከዚያ አቅፎ አጽናናት፣ ከዚያ አብሯት ተንበርክኮ ይማሯት አለ። ሮሐን ከሁሉም ያቃጠላት ያ ማቀፉ ነው።

አለቀሰ። ፈርቼ ነው አለ፤ በሰው አገር ስሜ ቢጠፋ ማን አለኝ አለ። በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎቹ ወደ አባቷ ሊመጡ ነበር። ቅዳሜ ለጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ ከመምጣታቸው በፊት እውነቱን ያውቁታል ብሎ ማለላት። ሮሐም እያዘነች ተቀበለችው። ከነገራቸው ታገባዋለች፤ ተጎድታም ቢሆን ታገባዋለች። ካልነገራቸው ግን ምን እንደምታደርግ ለራሷም አልነገረችም። ቅዳሜ ሲደውልላት «ጨርሻለሁ፣ አታስቢ» አላት። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እህል ቀመሰች።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሮሐ ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ ቆማ ትሰማለች። እንደ ደንቡ ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ፣ እንደ ደንቡ ተቀመጡ ተባሉ። አባቷ አቶ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁ ከሩቅ የመጣ ነው። ዘመዱን አላውቅም። ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ልመን?»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የነበሩ ይመስላል።

«ዘመዱን እኔም አላውቅም፤ እሱን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ልጅዎ አጥፍታ አሰግድ ቤት ይቅርታ በጠየቀች ቀን፣ ያልበደለው ልጅ አብሯት ተንበርክኮ ለመነላት። በሰው ጥፋት የሚንበረከክ ባል እኔ አላየሁም። ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።»

ሌሎቹም እውነት ነው አሉ። አባቷም ይህን ባለፈውም ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ እምቢ ብል እኔም ጥሩ አባት አይደለሁም አሉ። ከዚያ ለወጉ ያህል ሮሐን ጠሯት።

ሮሐ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። አልነገራቸውም። ነገርኩ ብሎ ዋሻት፤ ከዚያም በላይ፣ እሷን ሊያገባ የመጣው በዚያው ውሸት ነው።

«ትፈልጊዋለሽ ወይ?» አሏት አባቷ።

«አባባ» አለች፤ «የሃኒን ሰርግ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም።»

አባቷ ግራ ተጋብተው አዩዋት። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ፊቷን አይተው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ሁልጊዜ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው ነው፤ የሌዊ «አቤት ጋሼ» ሁሉም ዘንድ ተሰማ።

«ልጄ፣ አቶ በዛብህ ቤት ነን» አሉት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአሰግድን ልጅ ሰርግ ያጠፋው ማነው?»

ከስልኩ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ሌዊ መንገድ ላይ ነው። የሚጠብቀው የምሥራች ነበር። ሮሐ አሁንም፣ እዚህ ደርሳም፣ «እኔ ነኝ» ቢል ይቅር ልትለው ዝግጁ ነበረች።

«እሷ ምን አለች?» አለ ሌዊ።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ስልኩን ዘጉት። ኮፍያቸውን አንስተው ተነሱ፤ ሌሎቹም ተከትለው ተነሱ።

«አቶ በዛብህ፣ ጥያቄያችንን ትተናል» አሉ። ከዚያ ሮሐ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ያን ቀን ተንበርከኪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ዝቅ ሊሉ ሲሉ ሮሐ ደረታቸውን ይዛ ከለከለቻቸው፤ ከዚያ እዚያው፣ ትከሻቸው ላይ፣ አለቀሰች።