ሠሪው ያልታወቀ ገንቦ

አንጓች አዳራሹ ለጎብኚ ሳይከፈት ትደርሳለች፤ ጭቃዋን በውሃ ታርሳለች፣ ሰሌኗ ላይ ትቀመጣለች፣ ከቤቷ ተኩሳ ያመጣቻቸውን እንስራዎች አንድ በአንድ በጥፍሯ እየመታች ታዳምጣለች። ደህና የተተኮሰ ሸክላ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት እንደ በሽተኛ ይስላል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ጆሮዋን የሚያታልል ሸክላ ገና አልተፈጠረም።

ለአንድ ወር ሰው ፊት ቁጭ ብላ እንድትሠራ ያመጣቻት የትርኢቱ ኃላፊ ሰናይት ናት። ግድግዳው ላይ የዓለም ሕንፃ ሁሉ በፎቶ ተሰቅሏል፤ ጉልላቱ፣ ግንቡ፣ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን። መሀል ላይ ከቻይና የመጣ የእጅ ሥራ ተደርድሯል፤ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት የሆነ የሐር ጥልፍ፣ እንደ ሸረሪት ድር በመቀስ የተቆረጠ ቀይ ወረቀት፣ በገመድ የታጠረ፣ ሰማያዊ አበባ የተሣለበት ነጭ ገንቦ።

"ይሄን የሠራው ማን ነው?" አለች አንጓች በመጀመሪያው ቀን፣ ነጩን ገንቦ እያሳየች።

"አይታወቅም፣ እማማ። ሥሩ የተለጠፈው ወረቀትም የሚለው እንደዚያ ነው።"

"የኔስ ወረቀት?"

ሰናይት ዓይኗን ሰበረች። "የእርስዎም… 'ሠሪው ያልታወቀ' ተብሎ ታትሟል። እናስተካክለዋለን።"

"እኔ ነኝ ያልታወቅሁት? እዚህ ተጎልቼ እያየሽኝ? ድንጋይ ያስቆለለ ንጉሥ ሁሉ ስሙ ተጽፎለት፣ እጁን ጭቃ የበላው ሰው ስም ያጣ? ለመሆኑ አንጓች ስንት ፊደል ነው?"

"አራት።"

"አራት ፊደል ከበዳችሁ!"

እናቷ ያስተማረቻት አንድ ሕግ ነበር፤ የሌላ ሰው ሸክላ ስትመቺ አስቀድመሽ የሠሪውን ስም ጥሪ፣ ሸክላ ሆዱ ባዶ ነው፣ የሠራውን ካላወቀ የነካውን ይይዛል። ያን ቀን ግን ንዴቷ አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። በገመዱ ሥር ሾልካ ገባችና ነጩን ገንቦ በጥፍሯ መታችው።

"ስም የለህም ብለውሃል፤ በማን ልጥራህ ታዲያ?"

ገንቦው እንደ ደወል ጮኸ፤ ድምፁ ጥርሷ ሥር ገብቶ ቆየ። "ወይ እጅ!" አለች ሳትወድ። እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳውን ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ይህን የሠራ ሰው ስም የለውም መባሉ ከራሷ ይልቅ አንገበገባት።

በማግሥቱ ስትመታው ድምፁ አጠረ፣ ወፈረ፤ የሆነ ነገር የተጨመረበት ይመስል። አጎንብሳ በአፉ ብታይ ጨለማ ብቻ ነው፤ ግን ከስንት መቶ ዓመት በፊት የተተኮሰው ገንቦ ርጥብ ጭቃ ሸተታት፤ ያውም እሷ ብቻ ከመንደሯ ወንዝ ዳር የምትቆፍረው ጥቁር ጭቃ።

በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ደበሽ፣ ወትሮ "የሸክላ እመቤት፣ ዛሬም አልሞቱም?" እያለ የሚተርባት፣ ዝም ብሏት አለፈ።

"ምነው፣ አፍህን ጅብ በላው?"

ዞሮም አላያት። እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ልታጥብ ብትፈትግ፣ ብትፈትግ አልለቅ አለ፤ ጣቶቿም እንደ ልማዳቸው አልታጠፉም። ብርድ ነው አለች። እግሯንም ከሰሌኑ ማንሳት ሲያቅታት ብርዱን ሰደበች፣ አዳራሹን ሰደበች፣ ሰናይትን ተጣራች።

"ወረቀቴስ? ዋሽተሽኝ ቀረሽ አይደል!"

ሰናይት ግንባሯን ቋጥራ ቀረበች፤ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩት አየቻት። "ይቅርታ… ስምዎን ማን ነበር ያሉኝ?"

አንጓች ልትሰድባት አፏን ከፈተች። አራቱ ፊደላት የሉም። ምላሷን ወዲህ ወዲያ ብታገላብጥ የርጥብ ጭቃ ጣዕም ብቻ አገኘች፤ አፏም እንደተከፈተ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ጎብኚዎች ገቡ። ሰናይት ነጩ ገንቦ አጠገብ ቆማ ወረቀቱን በኩራት ጮክ ብላ አነበበች፦ "የአንጓች ሥራ።" ሰዉ አጨበጨበ። ውሸት ነው! እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣ የሰውየውን ስም ፈልጉለት! ብላ ልትጮኽ ፈለገች፤ ግን ከንፈሯ አልተላወሰም።

ከዚያ ሁሉም ወደ ሰሌኑ መጡ።

"ይህቺ ደግሞ የሸክላ ምስል ናት፤ ሠሪዋ አልታወቀም፤ አተኳኮሷን ግን ስሙልኝ" አለች ሰናይትና ግንባሯን በጥፍሯ መታ ስታደርጋት፣ አንጓች ከራሷ ሆድ ውስጥ ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለበት ድምፅ ሲወጣ ሰማች።