የቆየ በሽታ

በ1962 ዓ.ም. አሰብ ውስጥ፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ቤቶች በአንደኛው፣ ሦስት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ የፓምፕ ኦፕሬተሩ ክፍሌ፣ ባለቤቱ አልጋነሽና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ትሩፋት። ከደሴ ሲነሱ ያልቀናባቸው ጎረቤት አልነበረም። ይዘውት የመጡት ግን ፍራሽና ድስት ብቻ አልነበረም። ትሩፋት ገና በአራት ዓመቷ ጉልበቷና ክርኗ እያበጠ፣ ትኩሳት እያንገበገባት ከርማ፣ በመጨረሻ ሐኪም ልቧን ነው ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። በቤቱ ግን ልብ የሚባል ቃል አይነሳም። አልጋነሽ በስሙ ከጠራችው የሚበረታባት እየመሰላት «ያ ነገር» ነው የምትለው። «ዛሬስ ያ ነገር ተነሣብሽ?» ስትላት ልጅቷ ይገባትና ራሷን ትነቀንቃለች።

ድርጅቱ ሠራተኛውን ከነቤተሰቡ ኢንሹራንስ አስገብቷል፤ በጽኑ የታመመውንም በአውሮፕላን አዲስ አበባ ልኮ ያሳክማል። የትሩፋት መዳኛ አዲስ አበባ እንደሆነ የደሴው ሐኪም ስለነገረው፣ ክፍሌ ይህን ሲሰማ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ምን ያደርጋል! ሠራተኛው ከመቀጠሩ በፊት የጀመረ በሽታ፣ «የቆየ በሽታ» የሚሉት፣ አይሸፈንም ተባለ። ሌላ ኢንሹራንስ ፍለጋ ያልጠየቀው ሰው የለም። ከአዲስ አበባ መጥቶ የነበረ አንድ ወኪል ሊመለስ ሲል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተከትሎ ለመነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። መቃጠል ለጀመረ ቤት የእሳት ዋስትና የሚሸጥ ድርጅት እንደሌለ በትሕትና አስረድቶ፣ ትከሻውን ቸብ አድርጎት ተሳፈረ። ጤነኛውን አቅፎ የታመመውን የሚገፋ… ይህ የማን ዋስትና ነው?

ባልና ሚስቱ ተማከሩ። በሽታው አሰብ ላይ የጀመረ ይሁን አሉ። የአሰብ ሙቀት ያላሳመመው ሰው ስለሌለ ማን ይጠረጥራል? ገና እንደተቀጠሩ እንዳይነቃባቸው ግን ጥቂት ወራት መታገሥ ነበረባቸው። መርፌውም ቀረ፤ በየወሩ የምትወጋ ልጅ ምን ሆና ነው መባሉ አይቀርምና። አልጋነሽ የልጇን ፀጉር እየሠራች መልሱን አስጠናቻት። መቼ ጀመረሽ ሲሉሽ፣ «አሰብ ከመጣን ወዲህ ነው» በይ። ትሩፋት ትምህርት የማይከብዳት ልጅ ስለነበረች ወዲያው ያዘችው።

በሰኔ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀትር ላይ፣ ትሩፋት ደጅ ላይ ወደቀች። ክፍሌ ሥራ ላይ ነበር። አልጋነሽ ልጇን ታቅፋ በታክሲ ክሊኒክ ደረሰች። ሐኪሙ ለሥራ ወጥቶ የተገኘው የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ አቶ ጉግሳ ነበር። ሙቀት የጣለውን ሰው ሲያነሣ የኖረ ደግ ሰው ነው። ከንፈሯን አየ፣ የደም ሥሯን ዳሰሰ፣ ጉሉኮስ ሊሰቅል ተነሣና ቆም አለ።

«ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ነበረባት? ይንገሩኝ።»

አልጋነሽ አፏን ከፈተች። አዎ ካለች የአዲስ አበባ መንገድ ተዘጋ። አይ ካለችስ? ይህን ስታወጣና ስታወርድ ልጅቷ ቀደመቻት።

«አሰብ ከመጣን ወዲህ ነው።»

አቶ ጉግሳ እናትየዋን አያት። እሷም ልጅቷ ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበረች አለችው። የአሰብ ሙቀት ነው ብሎ ጉሉኮሱን ሰቀለ።

ትሩፋት ድሬሰሩ ዞር እስኪል ጠበቀች። «እማዬ… በደንብ መለስኩ?»

«በደንብ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። የደከመው ልቧ በደም ሥሯ የሚገባውን ውኃ መሸከም አቃተው፤ ትንፋሿ ያጥራት ጀመር፤ ደረቷ እንደ ፈላ ድስት ተንተከተከ። አቶ ጉግሳ መርፌውን ነቅሎ ቀና አድርጎ ያዛት፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ክፍሌ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ሲደርስ ነጠላ አልብሰዋታል።

በለቅሶው ላይ አቶ ጉግሳ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ምን አጠፋሁ እያለ ያገኘውን ሁሉ ሲጠይቅ ሰንብቷል። የጎረቤታቸው የባለሱቁ ሚስት ጦይባ አልጋነሽን አቅፋ አለቀሰችና፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀቻት።

«ሕመሙ ቆየባት እንዴ፣ እህቴ?»

ሴቶቹ ሙቀት ነው ሊሉላት ሲሉ አልጋነሽ ቀና ብላ አቶ ጉግሳን አየችው።

«ቆየባት» አለች። «ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ልቧን ያማት ነበር።»

አቶ ጉግሳ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ክፍሌ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ያልገባት ጦይባ የአልጋነሽን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ ታባብላት ጀመር። የተጻፈላት ይኸው ነው አሉ ለቀስተኞቹ። ይሆናል፤ የዕድልን ነገር ማን ያውቃል? አልጋነሽ ግን ልጇን በመቅበሯ ፈጣሪዋን አልወቀሰችም። ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ይቅር ማለት ያቃታት፣ ያን ቀን ልጇ ስትጠይቃት «በደንብ ነው» ማለቷን ነው።