ሙታን መሀል የተሰጠ መልስ

ቬልማ ከሞተች ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን በፓውደር አገርጥታ፣ ሆሊውድ ውስጥ ባለ አንድ ስቱዲዮ ከስልሳ አጃቢ ተዋንያን ጋር ተሰልፋ የሰማይ ፍርድ ትጠብቃለች፤ የፊልሙ ዳኛ የጠራው ሙት በበሩ ይወጣል። ፊልሙ አስቂኝ ነው አሉ። እግሯ በመቆም ብዛት ስላበጠ እሷን ያሳቃት ነገር የለም።

በዚህ ሥራ አንዴ የተቀረጹበትን ቦታ መቀየር አይቻልም። ትናንት በቀኝ የታየ ሬሳ ዛሬ በግራ ቢገኝ አዘጋጁ ያብዳል። ስለዚህ ቬልማና ኦርቪል የሚባለው ረጅም ልጅ ስምንት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ቆሙ። መብራት እስኪስተካከል ያወራሉ። በአምስተኛው ቀን ቬልማ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደምትቻኮል ገባት። ወድዳዋለች።

በስምንተኛው ቀን ኦርቪል ፊቷን ሳያይ ተናገረ።

«ከነገ ወዲያ ወደ ጦርነቱ በመርከብ እሄዳለሁ። አሁን ዳኛው ሲጠራኝ በዚያ በር ወጥቼ አልመለስም። አብረሽኝ ዩማ ከተማ ብትመጪ፣ እዚያ ቀጠሮ ስለማይጠይቁ ዛሬውኑ ያጋቡናል። ካልፈለግሽ ዝም በይ፣ እናቴን ልሰናበት እሄዳለሁ። አልቀየምሽም።»

መልስ ሳትሰጠው ደወሉ ተደወለ፤ ቀረጻ ተጀመረ። ቀረጻ ያበላሸ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ሥራ አያገኝም። ቬልማ ከንፈሯን ነከሰች። ዳኛው የኦርቪልን ተራ ጠራ። ልጁ ሄደ፤ እጁ የበሩን እጀታ ያዘ።

«እሺ» አለች ቬልማ። «እሺ፣ ኦርቪል። እመጣለሁ።»

አዘጋጁ የያዘውን ወረቀት ወረወረ፤ ሁለቱንም አባረራቸው። ዳኛ ሆኖ የሚጫወተው ሽማግሌ ጺሙን እያላቀቀ፣ «ስምንት ቀን ስፈርድ ደህና ነገር የሰማሁት ዛሬ ነው» አለ።

ተጋቡ። አንድ ሌሊት አብረው አደሩ። በመከር ኦርቪል ስሙን እንኳ በማታውቀው ደሴት ዳርቻ ሞተ፤ ቴሌግራሙ ሁለት መስመር ነበር። በጥድፊያው ፎቶ እንኳ አልተነሡም።

ፊልሙ ሲወጣ የኦርቪልን ፊት ልይ ብላ ሲኒማ ገባች። የሙታኑ ሰልፍ እንደ አዲስ ተቀርጿል። በእሷ ቦታ ሌላ ሴት፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆመዋል። ዳኛው ጠራው፤ የማታውቀው ሰው ወደ በሩ ሄደ፤ ከኋላው የጠራው የለም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ያን ቀን ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ቀረጻው ሳይበላሽ ኦርቪል አሁን በፊልሙ ውስጥ ይራመድላት ነበር፤ ባማራት ቁጥር እየመጣች ታየው ነበር። ቬልማ ይህን አሰበችና አለቀሰች። ግን ዝም ብትል ኖሮ ልጁ አልወደደችኝም ብሎ ነበር የሚሞተው።